በአንድ ቁጥር የተመዘገቡ ሁለት ዘለላዎች፦ የኤንጂሲ 2451 ምልከታና ልየታ

በጥር ወር እኩለ ሌሊት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ የሚመለከት ሰው፣ በአድማሱና በአናቱ መካከል እኩሌታ ግድም ላይ አንድ ብርቱካናማ ኮከብና በዙሪያው የተበተኑ ነጫጭ ከዋክብት ያያል። ሥፍራው ፑፒስ በተባለው ኅብረ ከዋክብት ውስጥ ነው፤ ቃሉ በላቲን የመርከብን የኋላ ክፍል ያመለክታል። የከዋክብቱ ስብስብ በመዝገብ ኤንጂሲ 2451 ተብሎ ይጠራል። ጠቅላላ ብርሃኑ 2.8 ማግኒቲዩድ ያህል ስለሆነ ከከተማ መብራት ራቅ ካሉ ያለ መሣሪያ ይታያል፤ በመጠነኛ ባይኖኩላር ደግሞ ከደቡቡ ሰማይ ውብ ትዕይንቶች አንዱ ነው።

ይህ ስብስብ ለረጅም ጊዜ አንድ ክፍት የከዋክብት ዘለላ ሆኖ ሲቆጠር ኖሯል። ዛሬ ግን ሁለት ዘለላዎች በአንድ የእይታ መስመር ላይ ተደራርበው የሚታዩበት መሆኑ ተረጋግጧል። ቅርቡ ከምድር 193 ፓርሴክ ያህል፣ ሩቁ ደግሞ 365 ፓርሴክ ያህል ይርቃል። በመካከላቸው ከ500 የብርሃን ዓመት የሚበልጥ ክፍተት አለ። እንዲህ ያለ ክፍተት ያላቸው ሁለት ነገሮች እንደ አንድ ሊቆጠሩ የቻሉት እንዴት ነው? የተለዩትስ በምን ማስረጃ ነው? የኤንጂሲ 2451 ታሪክ አንድን የከዋክብት ስብስብ በሰማይ ላይ ማግኘትና ዘለላ መሆኑን ማረጋገጥ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን በግልጽ ስለሚያሳይ፣ በዘርፉ ለሚሠለጥን ተማሪ ጠቃሚ ምሳሌ ነው።

ክፍት ዘለላ ሲባል

ክፍት ዘለላ ከአንድ የጋዝና የአቧራ ደመና፣ በአንድ ዘመን የተወለዱ ከዋክብት ስብስብ ነው። አባላቱ ከጥቂት ዐሥሮች እስከ ጥቂት ሺዎች ይደርሳሉ። በጋራ የስበት ኃይላቸው ቢተሳሰሩም እስሩ ልል ነው። በጋላክሲው ጠፍጣፋ ክፍል ውስጥ ሲዞሩ ደመናዎችና የጋላክሲው ስበት እየጎተቱ ይበትኗቸዋል። ብዙዎቹ በጥቂት መቶ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ይፈርሳሉ። መቶ ሺዎችን ሰብስበው ለቢሊዮኖች ዓመታት ከሚጸኑት ሉላዊ ዘለላዎች የሚለዩትም በዚህ ነው።

ከትርጉሙ እንደሚታየው የአንድ ዘለላ አባላት በሰማይ ላይ መቀራረብ ብቻ አይበቃቸውም። ርቀታቸው፣ የእንቅስቃሴያቸው አቅጣጫና ፍጥነት፣ ዕድሜያቸውና የንጥረ ነገር ቅንብራቸውም ተመሳሳይ ሊሆን ይገባል። ዓይን ሊመሰክር የሚችለው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። ሮበርት ትረምፕለር እ.ኤ.አ. በ1930 ያቀረበው፣ እስከ ዛሬም የሚሠራበት የክፍት ዘለላዎች ምደባ እንኳ የተመሠረተው በመልክ ላይ ነው፦ ከዋክብቱ ወደ መሐል ምን ያህል እንደተሰበሰቡ፣ በብርሃን ምን ያህል እንደሚበላለጡና ብዛታቸው ምን ያህል እንደሆነ ያመለክታል። ምደባው ለምልከታ ይረዳል፤ ለማረጋገጫ ግን አይበቃም። ፍኖተ ሐሊብ በሚያልፍበት የሰማይ ክፍል፣ ፑፒስም ከዚያ ውስጥ ነው፣ በአጋጣሚ የተጠጋጉ ከዋክብት ዘለላ የሚመስል ቅርጽ መሥራታቸው እንግዳ ነገር አይደለም።

ነገሩ የስያሜ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የከዋክብት ዕድሜ በአብዛኛው የሚለካው በዘለላዎች አማካይነት ነው፤ የአንድ ኮከብን ዕድሜ ለብቻው መገመት እጅግ አስቸጋሪ ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የተወለዱ መቶ ከዋክብትን አሰልፎ መገመት ግን ይቻላል። ዘለላው ሐሰተኛ ወይም ድብልቅ ከሆነ፣ በእርሱ ላይ የተመሠረተው የዕድሜና የርቀት ስሌት ሁሉ አብሮ ይበላሻል።

ከሲሲሊ እስከ ኬፕ

ስብስቡን ቀድሞ እንደመዘገበ የሚነገርለት የሲሲሊው ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆቫኒ ባቲስታ ሆዲየርና ነው። እ.ኤ.አ. በ1654 በፓሌርሞ ያሳተመው መጽሐፍ በሰማይ ላይ ስላያቸው ጭጋጋማ ነገሮች ዝርዝር ይዟል። መጽሐፉ ከሦስት መቶ ዓመታት በላይ ተረስቶ ቆይቶ የታሪክ ተመራማሪዎች ወደ ብርሃን ያወጡት በ1980ዎቹ ነበር። ከሲሲሊ ሲታይ ስብስቡ ከደቡቡ አድማስ ከ15 ዲግሪ በላይ አይወጣም። በዚያ ከፍታ የኮከብ ብርሃን ከአናት ከሚመጣ ብርሃን ይልቅ አራት እጥፍ ያህል አየር ማቋረጥ ስላለበት፣ ሆዲየርና በትንሽ ቴሌስኮፕ ሊለየው መቻሉ የሚደነቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1751 እና በ1752 ፈረንሳዊው ኒኮላ ሉዊ ደ ላካይ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ተቀምጦ ወደ 10,000 የሚጠጉ የደቡብ ከዋክብትን ሥፍራ ለካ። መሣሪያው 13 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ 8 ጊዜ ብቻ የሚያጎላ ነበር። በዚህ መሣሪያ ከኤንጂሲ 2451 አጠገብ ያለውን፣ ዛሬ ኤንጂሲ 2477 የሚባለውን ዘለላ አይቶ «ከዋክብት የሌሉት ጭጋግ» ከሚለው ክፍል አስገባው። ዛሬ በማንኛውም ትንሽ ቴሌስኮፕ የሚያይ ሰው በዚያ «ጭጋግ» ውስጥ ደቃቅ ከዋክብት እንደ ጤፍ ፈስሰው ያገኛል። የላካይ ስህተት የመሣሪያው ወሰን እንጂ የትጋት ጉድለት አይደለም፤ በኤንጂሲ 2451 ላይ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። በዚያ ላይ የተሳሳቱት በጥሩ መሣሪያ ከዋክብቱን አንድ በአንድ ለይተው ያዩ ሰዎች ናቸው።

ጆን ኸርሸል እ.ኤ.አ. ከ1834 እስከ 1838 በኬፕ ባደረገው ምልከታ ስብስቡን መዘገበ። ከዚያ ሲታይ ሥፍራው ከአናት በጥቂት ዲግሪዎች ብቻ ስለሚርቅ፣ የተሻለ የምልከታ ቦታ አይገኝም ማለት ይቻላል። ጆን ድሬየር እ.ኤ.አ. በ1888 አዲሱን አጠቃላይ መዝገብ ሲያዘጋጅ ስብስቡ 2451 የሚለውን ቁጥር አገኘ። ቁጥሩ አንድ ስለነበረ ነገሩም አንድ ተደርጎ ተወሰደ።

ከኢትዮጵያ ሰማይ ማግኘት

የስብስቡ መሐል በራይት አሴንሽን 7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ፣ በዴክሊኔሽን ከምድር ወገብ ትይዩ 38 ዲግሪ ወደ ደቡብ ይገኛል። አዲስ አበባ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ስብስቡ የሰሜን–ደቡብ መስመርን ሲያቋርጥ 43 ዲግሪ ከፍታ ይደርሳል። በዚያ ከፍታ ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ከአናት ካለው አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ብቻ ነው። ከብዙዎቹ የአውሮፓ ታዛቢ ጣቢያዎች ጨርሶ የማይታየው ወይም አድማሱን ታክኮ የሚያልፈው ነገር ከዚህ አገር በምቾት ሊጠና ይችላል። ጊዜውም የተመቸ ነው። በጥር እኩለ ሌሊት ገደማ፣ በየካቲት የመጨረሻ ሳምንት ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት አለፍ ሲል መስመሩን ያቋርጣል። ጥር የበጋ ወር ስለሆነ ሰማዩ በአብዛኛው ጥርት ያለ ነው፤ በየካቲት ማብቂያ ግን የበልግ ደመና አንዳንዴ ይቀድማል።

ለማግኘት መነሻው ከከዋክብት ሁሉ በብርሃን አንደኛና ሁለተኛ የሆኑት ሲሪየስና ካኖፐስ ናቸው። ሲሪየስ ከፍ ብሎ፣ ካኖፐስ ዝቅ ብሎ በደቡቡ ሰማይ ጎላ ብለው ይታያሉ። ከሁለቱ መካከለኛ ከፍታ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ለዞረ ሰው ወደ ግራ ሲኬድ በመጀመሪያ ፓይ ፑፒስ የተባለው ብርቱካናማ ኮከብ ይገኛል። ከእርሱ ወደ ግራና ትንሽ ዝቅ ብሎ ሰማያዊ ነጭ የሆነው ዜታ ፑፒስ አለ። በሁለቱ መካከል፣ ከግማሽ መንገድ ጥቂት ወደ ዜታ ጠጋ ብሎ፣ 3.6 ማግኒቲዩድ ያለው ሲ ፑፒስ ይታያል። የኤንጂሲ 2451 ምልክት ይህ ብርቱካናማ ኮከብ ነው።

እዚህ ላይ ጀማሪ ተመልካቾችን የሚያሳስት ነገር አለ። ፓይ ፑፒስም ብርቱካናማ ነው፤ እርሱም ኮሊንደር 135 በተባለ ልል የከዋክብት ስብስብ መሐል ይታያል። ብርቱካናማ ኮከብ በነጫጭ ከዋክብት ተከብቦ ሲታይ «አገኘሁት» ብሎ መዝጋት ቀላል ነው። የሚለየው ማስረጃ ጎረቤቱ ነው። ከሲ ፑፒስ ወደ ምሥራቅና በትንሹ ወደ ደቡብ፣ አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ርቆ፣ ክብ ጭጋግ የመሰለው ኤንጂሲ 2477 ይገኛል። በ10×50 ባይኖኩላር ሁለቱ በአንድ እይታ ውስጥ ይገባሉ፦ በአንድ በኩል ጥቂት ደማቅና የተበተኑ ከዋክብት፣ በሌላ በኩል አንድ ላይ የተጣበቀ ደብዛዛ ብርሃን። በፓይ ፑፒስ አጠገብ እንዲህ ያለ ጎረቤት የለም። ስለዚህ በምልከታ መዝገብ ላይ የኤንጂሲ 2477 መታየት አለመታየቱ ሁልጊዜ ሊጻፍ ይገባል።

ለዚህ ስብስብ ትልቅ ቴሌስኮፕ ከሚጠቅመው ይልቅ ይጎዳል። የሚታየው ስፋቱ አንድ ዲግሪ ያህል በመሆኑ፣ ማለትም የጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከፍ ባለ ማጉያ ሲታይ ከዋክብቱ ከመስኮቱ ውጭ ይቀሩና ዘለላነቱ ይጠፋል። ዝቅተኛ ማጉያና ሰፊ እይታ ተመራጭ ናቸው። ኤንጂሲ 2477 በተቃራኒው ማጉያ በጨመሩ ቁጥር ይከፈታል።

የጥርጣሬው ምንጭ

በ20ኛው መቶ ዘመን የከዋክብትን ብርሃንና ቀለም በትክክል መለካት ሲቻል ኤንጂሲ 2451 አስቸጋሪ ሆኖ ተገኘ። በተለመደው አሠራር የዘለላው ከዋክብት ቀለማቸው በአግድም፣ ብርሃናቸው በቁም መስመር ላይ ይሰፈራል። እውነተኛ ዘለላ ከሆነ አብዛኞቹ ከዋክብት ዋናው ረድፍ በሚባለው ቀጭን መስመር ላይ ይሰለፋሉ። ረድፉ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚገኝ ርቀቱን፣ በደማቁ ጫፍ የት ላይ እንደሚታጠፍ ደግሞ ዕድሜውን ይናገራል። በኤንጂሲ 2451 ግን ረድፉ ቀጭን ሆኖ አልተገኘም። ልዩ ልዩ ጥናቶች ልዩ ልዩ ርቀት ሰጡ፤ ከናካቴው ዘለላ መኖሩን የተጠራጠሩ ተመራማሪዎችም ነበሩ።

ዛሬ የሁለቱ ርቀት ስለታወቀ ያኔ የነበረውን ችግር በቁጥር ማሳየት ይቻላል። 193 እና 365 ፓርሴክ ላይ ያሉ ሁለት ተመሳሳይ ከዋክብት በብርሃን 1.4 ማግኒቲዩድ ያህል ይለያያሉ። ለምሳሌ ፀሐይን የመሰለ ኮከብ በቅርቡ ዘለላ ውስጥ 11.3፣ በሩቁ ውስጥ 12.6 ማግኒቲዩድ ሆኖ ይታያል። ሁለት ረድፎች በዚህ ያህል ተራርቀው ቢታዩ መለየት የሚገባቸው ይመስላል። ነገር ግን ከዋክብት ብዙውን ጊዜ ጥንድ ሆነው ይኖራሉ፤ እኩል የሆኑ ጥንዶች ሳይነጣጠሉ ሲለኩ ከነጠላው ኮከብ በ0.75 ማግኒቲዩድ ይደምቃሉ። የሩቁ ዘለላ ጥንዶች ወደ ላይ ከፍ ብለው በሁለቱ ረድፎች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላሉ። በዚያ ላይ የፍኖተ ሐሊብ መንገደኛ ከዋክብት ይጨመራሉ። ሁለቱ ዘለላዎች በዕድሜ መቀራረባቸውም ችግሩን አባብሶታል፤ አንዱ አሮጌ ሌላው ወጣት ቢሆኑ ኖሮ የረድፎቻቸው ቅርጽ ብቻ ይለያቸው ነበር።

አንድ ተማሪ ሁለቱን ሳይለይ የፓራላክሳቸውን አማካይ ቢወስድ የሚያገኘው ርቀት 254 ፓርሴክ ይሆናል። በዚያ ርቀት ላይ አንደኛውም ዘለላ የለም። አማካይ ሁልጊዜ የእውነት ማዕከል እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አይገኝም።

በእንቅስቃሴ መለየት

መፍትሔው የመጣው ከከዋክብቱ እንቅስቃሴ ነው። እያንዳንዱ ኮከብ በሰማይ ላይ ያለው ሥፍራ በዓመታት ውስጥ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ይህ የራስ እንቅስቃሴ ይባላል፤ የሚለካውም በሺኛ ቅስተ ሰከንድ፣ ማለትም በሚሊ ቅስተ ሰከንድ በዓመት ነው። አንድ ቅስተ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ እጅ ነው። አብረው የተወለዱ ከዋክብት አብረው ስለሚጓዙ የራስ እንቅስቃሴያቸው ይመሳሰላል፤ በአጋጣሚ የተደራረቡት ግን እያንዳንዱ ወደየፊናው ይሄዳል።

በሃይደልበርግ የሚሠሩት ዚግፍሪድ ሮዘርና ኡልሪሽ ባስቲያን ብዙ ዐሥርት ዓመታትን የሚሸፍኑ የሥፍራ ልኬቶችን በማዛመድ የከዋክብትን ሥፍራና እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ትልቅ ዝርዝር አዘጋጅተው ነበር። በዚህ ላይ ተመሥርተው እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት በኤንጂሲ 2451 አቅጣጫ አንድ የጋራ እንቅስቃሴ ያለው ቡድን 220 ፓርሴክ ያህል ርቀት ላይ መኖሩን አሳዩ። ከኋላው ያለው ሌላ ቡድንም ራሱን የቻለ ዘለላ መሆኑ ግልጽ እየሆነ መጣ። ቅርቡ ኤንጂሲ 2451 ሀ፣ ሩቁ ኤንጂሲ 2451 ለ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የመጠቀችው የሂፓርኮስ ሳተላይት ውጤት በ1997 ሲወጣ ደግሞ ርቀቶቹ በቀጥታ ተለኩ፤ 190 እና 360 ፓርሴክ ገደማ ሆኑ።

የሂፓርኮስ ዝርዝር 118,000 ያህል ከዋክብትን ብቻ፣ ያውም በአብዛኛው ደማቆቹን የያዘ ስለነበረ ደብዛዛዎቹ አባላት ሳይታወቁ ቆዩ። በዚህ ክፍተት ውስጥ የገባው የኤክስ ጨረር ምልከታ ነው። ወጣት የሆኑ ፀሐይ መሰል ከዋክብት በፍጥነት ስለሚሽከረከሩ ጠንካራ መግነጢሳዊ እንቅስቃሴ አላቸው፤ በዚህም ምክንያት ከአሮጌ መሰሎቻቸው እጅግ የበዛ ኤክስ ጨረር ይለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመና የሮሳትን ሳተላይት ምልከታ የተጠቀመ ጥናት የሁለቱንም ዘለላዎች ደብዛዛ አባላት በዚህ መንገድ ፈልጓል። በልዩ ልዩ ጥናቶች የተሰጠው የሁለቱም ዕድሜ ከ40 እስከ 80 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ይወድቃል። በሰማይ ላይ መደራረባቸው ሳያንስ በዕድሜም መመሳሰላቸው፣ ተፈጥሮ ሆን ብላ እንቆቅልሽ ያዘጋጀች ያስመስላል።

ጋያ ያመጣችው ግልጽነት

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የመጠቀችው የጋያ ሳተላይት ከ2018 ጀምሮ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ለሚሆኑ ከዋክብት ፓራላክስና የራስ እንቅስቃሴ አቅርባለች። መረጃው ለማንም ክፍት ነው፤ ኮምፒውተርና የኢንተርኔት መስመር ያለው ተማሪ ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት ይችላል። በራስ እንቅስቃሴ ረገድ የሀ ዘለላ አማካይ በራይት አሴንሽን አቅጣጫ −21.1፣ በዴክሊኔሽን አቅጣጫ +15.4 ሚሊ ቅስተ ሰከንድ በዓመት ነው። የለ ዘለላ −9.7 እና +4.8 ነው። ፓራላክሳቸውም 5.16 እና 2.72 ሚሊ ቅስተ ሰከንድ ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ እውነተኛ ፍጥነት መለወጥ ጥሩ ልምምድ ነው። ከእይታ መስመር ወደ ጎን ያለው ፍጥነት በኪሎ ሜትር በሰከንድ የሚገኘው ጠቅላላውን የራስ እንቅስቃሴ በ4.74 አባዝቶ ለፓራላክሱ በማካፈል ነው። የሀ ጠቅላላ እንቅስቃሴ 26.1 ስለሆነ የጎን ፍጥነቱ 24 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ይመጣል። የለ ጠቅላላ 10.8 ስለሆነ ፍጥነቱ 19 ያህል ነው። በሰማይ ላይ የሀ እንቅስቃሴ ከለ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ የሚታየው በአብዛኛው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ በእውነተኛው ፍጥነት ያላቸው ልዩነት መጠነኛ ነው። ሁለቱ ዘለላዎች እርስ በርሳቸው በ64 ዓመት አንድ ቅስተ ሰከንድ ያህል ይራራቃሉ። በዚህ አካሄድ የጨረቃን ስፋት ያህል ለመለያየት ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ ይፈጅባቸዋል። ሆዲየርናና የዛሬው ተመልካች ያዩት ትዕይንት በዓይን ሲመዘን አንድ ነው ማለት ነው።

በአሠራሩ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በተማሪዎች ሥራ ውስጥ በብዛት የሚታየውም ጉድለት ይኸው ነው። ፓራላክሳቸው ከ4.9 እስከ 5.4 የሆኑ ከዋክብትን ብቻ መርጦ፣ ቀጥሎ «ሁሉም በአንድ ርቀት ላይ ስለሚገኙ ዘለላ ናቸው» ብሎ መደምደም ማስረጃ አይሆንም፤ መደምደሚያው በምርጫው ውስጥ አስቀድሞ ገብቷል። የተሻለው መንገድ በመጀመሪያ በእንቅስቃሴ ብቻ መምረጥ ነው። ከመሐሉ 2 ዲግሪ ያህል ዙሪያ ያሉ፣ ልኬታቸው አስተማማኝ የሆነ ከዋክብት የራስ እንቅስቃሴያቸው በሥዕል ሲሰፍር አብዛኞቹ በአንድ ሰፊ ደመና ውስጥ ይከማቻሉ፤ እነዚህ ሩቅ የጀርባ ከዋክብት ናቸው። ከደመናው ተነጥለው ሁለት ጥብቅ ነጥቦች ይታያሉ። ሀ ከደመናው ርቆ ስለሚገኝ በጥራት ይለያል፤ ለ ግን ወደ ደመናው ስለሚቀርብ ባዕዳን ከዋክብት ይቀላቀሉበታል። ከዚያ በኋላ የተመረጡት ከዋክብት ፓራላክስ ሲታይ በአንድ ዋጋ ዙሪያ ተሰብስቦ ከተገኘ፣ ይህ በምርጫው ውስጥ ያልነበረ አዲስ ምስክር ነው። የቀለምና የብርሃን ሥዕሉ ሦስተኛ ምስክር ይሆናል። ሳይመካከሩ ተመሳሳይ ቃል የሰጡ ሦስት ምስክሮች ከተገኙ ዘለላው ተረጋግጧል ማለት ይቻላል።

የመምረጫው ስፋት ምን ያህል ይሁን የሚለውም በግምት የሚወሰን አይደለም። የአባላት የእርስ በርስ ፍጥነት 1 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ያህል ነው ቢባል፣ ይህ በሀ ርቀት 1.1፣ በለ ርቀት 0.6 ሚሊ ቅስተ ሰከንድ በዓመት ይሆናል። ስለዚህ ለሁለቱም አንድ ዓይነት የመምረጫ ክብ መጠቀም ስህተት ነው። በተጨማሪም በሀ ርቀት አንድ ዲግሪ 3.4 ፓርሴክ ብቻ ስለሚሆን፣ የዘለላው ዳርቻ አባላት ከመሐሉ በብዙ ዲግሪዎች ርቀው ሊገኙ ይችላሉ፤ በ2 ዲግሪ መገደብ ለመጀመሪያ ልምምድ ቢበቃም ሙሉ የአባላት ዝርዝር አይሰጥም።

የሁለቱ መለያየት ያስገኘው ጥቅም ከፑፒስ ሰማይ አልፎ ይሄዳል። ከ200 ፓርሴክ ወዲህ የሚገኙ ክፍት ዘለላዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሀ ከእነርሱ አንዱ ነው። በቅርብ ያሉት ዘለላዎች የሩቆቹ መለኪያ ናቸው። ሂፓርኮስ ሰባቱ ከዋክብት ለሚባለው ለፕሌያዲስ ዘለላ 118 ፓርሴክ ያህል ስትሰጥ ሌሎች ስልቶች 133 ገደማ በመስጠታቸው የረጅም ዓመታት ክርክር ተነሥቶ ነበር። ያኔ ሀ የሂፓርኮስን ርቀቶች ለመፈተሽ ከዋሉት ዘለላዎች አንዱ ሆነ። ከለ ጋር ተቀላቅሎ ቢቀር ኖሮ ለእንዲህ ያለ ፈተና ሊውል አይችልም ነበር። በፕሌያዲስ ላይ ጋያ በመጨረሻ 136 ፓርሴክ ያህል በመስጠት ክርክሩን ለሌሎቹ ስልቶች ፈርዳለች።

የብርቱካናማው ኮከብ ጉዳይ

ተመልካቹን ወደ ሥፍራው የመራው ሲ ፑፒስ የማን ነው? የሂፓርኮስ ልኬት ከሀ አባላት እጅግ ያነሰ ፓራላክስ ስለሰጠው፣ ከቅርቡ ዘለላ በስተኋላ የሚገኝ ባዕድ ነው። ዘለላውን ለዓይን ዘለላ ያስመሰለው ዋናው ኮከብ የቅርቡ ዘለላ አባል አይደለም ማለት ነው። በለ ርቀት ላይ ነው ተብሎ ቢሰላ ትክክለኛ ብርሃኑ −4.2 ማግኒቲዩድ ይሆናል፤ ይህም በኬ ክፍል ላለ ልዕለ ግዙፍ ኮከብ የሚጠበቅ ነው። ነገር ግን በርቀት መቀራረብ አባልነትን አያረጋግጥም፤ ከላይ የተባለው የምስክሮች ሥርዓት ለአንድ ኮከብም ይሠራል። ለጋያ መሣሪያዎች እንዲህ ያለ ደማቅ ኮከብ ከደብዛዛው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ብርሃኑ መቀበያውን ያጥለቀልቀዋል።

ከእይታ መስመር ጋር ያለውን ፍጥነት በብርሃን ትንተና መለካት ግን ብሩህነቱ እንቅፋት አይሆንበትም፤ ይልቁን ያቀለዋል። 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ባለው በእንጦጦ ታዛቢ ጣቢያ ያሉት የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሰፊውን ስብስብ በአንድ ጊዜ ለማየት አመቺ ባይሆኑም፣ እንዲህ ላለው የኮከብ በኮከብ ልኬት ግን ከአስፈላጊው በላይ ናቸው። የሲ ፑፒስን ፍጥነት ከለ ጥቂት ደማቅ አባላት ፍጥነት ጋር ማነጻጸር ለአንድ የጥር ሳምንት የሚበቃ ሥራ ነው። እስከዚያው በምልከታ መዝገብ ላይ «ሲ ፑፒስ፣ የኤንጂሲ 2451 አባል» ከማለት «ሲ ፑፒስ፣ በኤንጂሲ 2451 አቅጣጫ» ብሎ መጻፍ ይመረጣል።